ቆሞ የሚደርስበት ጥልቀት

ውድ የሚጡ እናት፣

በስምሽ ልጠራሽ አስቤ ነበር። ብዕሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ስምሽን ከነቁልምጫው ካልሆነ ጠርቼው አላውቅም፤ ቁልምጫው ደግሞ አሁን የእኔ አይደለም። ስለዚህ ሁለታችንም በማንጣላበት ስም ልጥራሽ።

«የዚያን ዕለት ምነው ሳትሰናበተን ወጣህ? እናቴ በተናገረችው ተቀይመህ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በስልክ «ኧረ ምን በወጣኝ፣ ሥራ ነበረብኝ» አልኩሽ። በእሑድ ምድር ምን ሥራ! እንዳላመንሽኝም በዝምታሽ አወቅኩት። እናትሽን አልተቀየምኩም። የወጣሁት ቀንቼ ነው። በባልሽ ቀንቼ። ይኸው፣ አልኩት። ግን አንቺ የምታስቢው ዓይነት ቅናት ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ካልነገርኩሽ ደግሞ አይገባሽም።

ስለ ገንዳው የደወልሽልኝ ቀን እዚሁ የሕዝብ መዋኛው ውስጥ ጡረተኞቹን ሴቶች ሳስተምር ነበር። «ግቢያችን ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ልንሠራ ነው። መቼም ዕድሜህን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው የኖርከው፣ መጥተህ አንድ ጊዜ ብታይልን» አልሽኝ። «ደስ ይለኛል» አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ከተማሪዎቼ አንዷ ቀና ብላ አየችኝና «ምነው መምህር፣ ክሎሪን የጠጣህ መሰልክሳ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችንን ሚጡን የማገኛት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜያችን ደግሞ ውኃ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ባልሽ ቁርሷን አብሯት ይበላል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ ሲያማት ግንባሯን ይዳስሳል፣ ማታ ተረት ያወራላታል። እኔ ያለኝ ውኃ ብቻ ነው። አሁን ውኃውንም ከጓሮው ሊያስገባው ነው አልኩ በሆዴ።

መጣሁ። ሸሚዜን ተኩሼ ነው የመጣሁት፤ ልብ ብለሽ እንደሆነ አላውቅም። በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ጫማዎን አያውልቁ፣ ግድ የለም» አለኝ፤ እኩያዬ ሆኖ ሳለ አንቱ ብሎኝ። ምናለ ክፉ ሰው ቢሆንልኝ! ክፉን መጥላት ቀላል ነው፤ ለደግ ሰው ግን ጥላቻህን በየቀኑ እንደ አዲስ መፈለግ አለብህ፣ ያደክማል።

ጓሮ ስንደርስ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። የእሱ ነጫጭ ጋውኖች፣ የሚጡ የትምህርት ቤት ካልሲዎች፣ እና ያ ሰማያዊ ቀሚስሽ። አብረን ሳለን የምትለብሺው። ከጋውኖቹ ጎን ተሰጥቶ ነፋስ በመጣ ቁጥር እጅጌው ይነካቸዋል። ስለ አፈሩ ጥንካሬ የሆነ ነገር ትነግሪኝ ነበር፤ አንዱንም አልሰማሁሽም። «ገመዱን ከዚህ ማንሳት ያስፈልጋል» አልኩ። «ገንዳውማ ወዲያ ነው፣ ገመዱ ምን አደረገ?» አልሽኝ።

ተቋራጩ ፕላኑን በልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ዘርግቶ ይጠብቀን ነበር። ሳቂታ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው፣ ታስታውሻለሽ። ገንዳው በኩላሊት ቅርጽ እንዲሆን፣ ዳሩ ላይ ፏፏቴ እንዲኖረው፣ ወለሉ ጥቁር ሰማያዊ ሴራሚክ እንዲነጠፍበት አስቧል። ጥግ ላይ ከዛፉ ሥር አስጠግቶ ሥሎታል፤ ጥላ እንዲሆን።

«በኩላሊት ውስጥ እንዴት ነው የሚዋኘው?» አልኩት። «ሰው ተዘርግቶ የሚሄድበት ቀጥ ያለ መንገድ ይፈልጋል። ዘለግ ያለ አራት ማዕዘን አድርገው።»

«ጌታዬ፣ ፋሽኑ እኮ…»

«ፋሽኑን ለሶፋ አስቀምጠው። ከዛፉም አርቀው፤ ቅጠሉ እየረገፈ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፣ ፀሐይም ካላገኘው ውኃው አይሞቅም። ጥቁሩን ሴራሚክ ተወው። ውኃው ሲሞላ ወለሉ አይታይም። ሕፃን ታች ብትሆን በምን ታያታለህ? ፈዛዛ ይሁን። ደረጃው ከዳር እስከ ዳር ይሁን እንጂ መሰላል አትስቀል። ዙሪያውን አጥር፣ መቀርቀሪያው ሚጡ ከምትደርስበት በላይ።»

በየነገሩ ጥርስ ሐኪሙን አያለሁ፣ ይከራከረኛል ብዬ። እሱ ግን ባልኩት ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። «እሳቸው እንዳሉት ይሁን» ይላል። ፏፏቴውን እንኳ ወዶት እንደነበር ፊቱ ላይ እያየሁ «ፏፏቴውም ይቅር» አለ። ተቋራጩ ላቡን ጠረገና «እባካችሁ የገንዳው ባለቤት ማን እንደሆነ ንገሩኝና እሱን ልስማ!» አለ። አንቺ ሳቅሽ። ያን አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ የምትስቂውን ሳቅ። እኔ ልስቅ ስል አየሁሽ፤ እየሳቅሽ የነበረው ወደሱ ዞረሽ ነው።

ጥልቀቱ ላይ ስንደርስ ነው የተጣላነው። አንደኛው ጫፍ ጠለቅ እንዲል ፈለግኩ፤ ሚጡ ከዳር ዘላ በጭንቅላቷ እንድትገባበት። ጥርስ ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ «የለም» አለ። ድምፁን ሳያነሳ። «የለም፣ እሱ ይቅርብን። የትም ቦታ ከትከሻዬ እንዳያልፍ።»

«ምክንያት?»

ፕላኑ ላይ አጎነበሰ።

«ልጄ ዓሣ ናት» አልኩት። «ዓሣን በሳፋ አታኖርም።»

ፊቱ ቀላ። አንቺ «ተው እንጂ!» አልሽኝ በዚያ በድሮው ድምፅሽ። ሆኖም ተቋራጩ በእርሳሱ «እስከ ትከሻ» ብሎ ፕላኑ ላይ ጻፈ፤ እኔም ሳልቀመጥ ሄድኩ። በመንገድ ሁሉ ስብሰለሰል፣ ፈሪ ነው፣ ልጄንም እንደሱ ፈሪ ሊያደርጋት ነው እያልኩ፣ ለራሴ እየተናገርኩ ቤቴ ደረስኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቻችን ተበላሹብኝ። ሚጡ የውኃ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወሬዋ ሁሉ ጓሮው ሆነ። ቆፋሪዎቹ ትል አገኙ፣ ፌሮውን እንደ ወፍ ቤት አሰሩት፣ ባልሽ፣ ጋሼዋ፣ የሴራሚኩን ቀለም እሷን አስመረጣት። «የኛ ገንዳ፣ የኛ ገንዳ» ትላለች። የኛ ስትል እኔ ውስጡ እንደሌለሁበት አታውቅም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ፤ እያወቅኩ መጎርጎሬን አልተውኩም።

«ጋሼ ሲቆጣ ምን ይላል?»

«አይቆጣም።»

«ምንም?»

አሰበች። «ጥርሴን ሳልፋቅ ስተኛ ያዝናል።»

«እና ከኔና ከሱ…» ብዬ ጀመርኩና አፌን ያዝኩ። እሷ ግን ቀልጣፋ ናት። «አንተ አባዬ ነህ፣ እሱ ጋሼ ነው» አለችኝ፤ ቀኝና ግራ እንደምታሳይ ዓይነት። ከዚያ ፎጣዋን ስሰጣት፣ ራሷን እያደረቀች ሳታስበው «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለችኝ። አላረምኳትም። እሷም አልሰማችውም። እኔ ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ ማበጠሪያ እንደጠፋበት ሰው ቁምሳጥኔን ከፍቼ ትንሽ ቆምኩ።

ዝናቡ ያን ሰሞን ሥራውን እንዳስቆመባችሁ ታስታውሻለሽ። የተቆፈረው ጉድጓድ ጭቃ ሞልቶ ተቋራጩ ሰማይ ይሳደብ ነበር። ጥርስ ሐኪሙ እኔ ዘንድ የመጣው ያኔ ነው። አሁን «መምጣቱን ራሱ ነግሮኛል» ብለሻል፤ እሱ ያልነገረሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ።

ከሰዓት በኋላ፣ መዋኛው ጭር ባለበት፣ የዋና ልብሱ ላይ ገና የሱቁ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎ መጣ። ዳር ላይ ቆሞ እንደ በሽተኛ እጆቹን ያፍተለትላል። እንግዲህ እሱ ወንበር ላይ ያስተኛቸው ሰዎች ሁሉ እንዲያ ሲያፍተለትሉ አይቶ ይሆናል።

«ያስተምሩኝ» አለኝ።

«ምን?»

«መዋኘት። አልችልም። ደረቴ ድረስ ሲደርስ ትንፋሼ ይቆማል። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም ቢሆን። እባክዎ ይህ እኛው ዘንድ ይቅር።»

አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ። አንድ የማይችለው ነገር ተገኘ! «ታዲያ መዋኘት የማይችል ሰው ገንዳ የሚያሠራው ምን ሊሆን ነው? እግር ሊታጠብበት?» አልኩት።

አልተቀየመም። «ሚጡ ጠየቀችኝ። ከቅዳሜ ቅዳሜ መጠበቅ ረዘመብኝ አለችኝ» አለ። ከዚያ ወደ ውኃው እያየ፣ «ያን ቀን ስለ ጥልቀቱ የተከራከርኩት… እስከ ትከሻዬ ከሆነ ቆሜ እሄዳለሁ። እሷ የትኛውም ጥግ ብትቸገር በእግሬ ተራምጄ ደርሼ አነሳታለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ዳር ቆሜ ከመጮህ በቀር ምንም አልጠቅማትም። ለዚያ ነው።»

እኔ ፈሪ ያልኩት ሰው ፕላኑን የለካው በራሱ ቁመት ነው፤ ልጄን ለማንሳት። ቢያሳዝነኝም ቅሉ ወዲያው የቅናቴ ቃጠሎ ተተካበት። ልጄን በዚያ መልክ የሚያስባት ሌላ ሰው መኖሩ ደስ ሊለኝ ሲገባ እርር አልኩ። «ና ግባ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንቱታውንም አስተውኩት፤ ውኃ ውስጥ አንቱ የለም አልኩት።

አስተማርኩት። ጥርስ ሐኪሙ ጥርሱን እያንገጫገጨ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አልለቅም አለኝ። በጀርባው ላንሳፍፈው ስል መዳፌ ከማጅራቱ ሥር ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰጥቶኝ፣ እጄ ላይ ተኝቷል። አንቺ በየቀኑ የምታዪው ፊት። እጄን ሳብ ባደርግስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አልሳብኩም። «ሆድህን ወደ ሰማይ፣ ጆሮህን ውኃው ይስማ» እያልኩ ያዝኩት። ደጋግሞ መጣ። በየጊዜው ውኃ ይውጣል፣ ያስላል፣ «እንደገና» ይላል። እንደ ዳክዬ እየተንቦራጨቀም ቢሆን ከዳር ዳር መድረስ ጀመረ። እዚያው ሰሞን ዝናቡ አቆመ፤ እሱም ተቋራጩን ጠርቶ «አንደኛው ጫፍ እንደ አባቷ ፍላጎት ይጥለቅ» አለው። ሐሳቡን ለምን እንደለወጠ አልገባሽም ነበር። አሁን ገባሽ።

ገንዳው ወደተመረቀበት ወደዚያ እሑድ ልምጣ።

በሩን ገፍቼ ስገባ ገንዳው ሞልቶ ፀሐይ ወርዶበታል። ዘለግ ያለ፣ ፈዛዛ፣ ከዛፉ የራቀ፣ ደረጃው ከዳር እስከ ዳር። እያንዳንዱ ነገሩ እኔ ያልኩት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሕልሜ የሠራሁት ገንዳ በሌላ ሰው ጓሮ። ተቋራጩ «ይኸው ኩላሊቱን አወጣንለት!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። እናትሽ ከጥላው ሥር ወንበር ይዘው ነበር። አንቺ ጠረጴዛ ታሰናጃለሽ፤ ጥርስ ሐኪሙ ወዲያ ማዶ ሐብሐብ ይቆርጣል።

እኔና ሚጡ አንድ ጨዋታ አለን፤ አታውቂውም፣ ድንጋይ እንለዋለን። ጉንጯን ትነፋና ታች ትወርዳለች፣ ጉልበቷን አቅፋ ወለሉ ላይ ድንጋይ ትሆናለች። እኔ ዳር ላይ ሆኜ አያታለሁ፤ ሲበቃት እግሯን ወለሉ ላይ መትታ ትወጣለች። ሁልጊዜ ስናደርገው የኖርነው ነው። ያን ዕለት ከጥልቁ ዳር ዘላ ገባችና ድንጋይ ሆነች። እኔ ከበላይዋ ቆሜያለሁ። ወለሉ ፈዛዛ ነውና ፊቷ ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ጉንጮቿ ተነፍተዋል፣ ወደ እኔ አንጋጣ ትስቃለች። ልቤ አንድም አልዘለለም።

ጥርስ ሐኪሙ ያየው ሌላ ነው። ልጅቱ ገባች፤ አልወጣችም። ቢላውን ጣለ። መነጽሩን አላወለቀ፣ ጫማውን አላወለቀ፣ አንድ ቃል አልተናገረ፣ ከነልብሱ ጥልቁ ላይ ዘለለ።

ያስተማርኩት ሁሉ ካናቱ ጠፋ። እጁን ያራግባል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይሰምጣል። ሚጡ ደንግጣ ስትወጣ አገኛት፤ ያን ጊዜ ያደረገውን አንቺ ከጠረጴዛው በኩል አላየሽው ይሆናል። በሁለት እጁ ወገቧን ይዞ ወደ ላይ ገፋት። ራሱ ከውኃው በታች ነው፣ ፀጉሩ ብቻ ይታያል፤ እጆቹ ግን እሷን ወደ ሰማይ እየገፉ ናቸው። መዋኘት የምትችለውን ልጅ! «ጋሼ! ጋሼ! ሆድህን ወደ ሰማይ!» እያለች ትጮህበታለች፤ በእኔ ቃል።

ገብቼ በአንገትጌው ጎትቼ ደረጃው ላይ አወጣሁት። የቀረውን ታውቂዋለሽ። እናትሽ ደረታቸውን ይዘው «ወይ ጉድ! እንጀራ አባቷ ዘሎ ሲገባ አባት ቆሞ ያያል!» አሉ። ሰዉ ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ሚጡ «ስጫወት እኮ ነው፣ ስጫወት ነው» ትላለች። እሱ እያሳለ፣ እንባና ውኃ ፊቱ ላይ ተቀላቅሎ፣ አልተቆጣትም። ጆሮዋን ነካ፣ አገጯን ነካ፣ ሁሉም ነገሯ በቦታው እንዳለ ለማየት። እሷ ጭኑ ላይ ተቀምጣ በፎጣ ጫፍ መነጽሩን ወለወለችለት። አንቺ መጣሽና ሁለቱንም ባንድ ፎጣ ሸፈንሻቸው። ጫማዬን በእጄ ይዤ በጓሮው በር ወጣሁ።

በእናትሽ ንግግር አፍሬ አይደለም። እውነቱን ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ልጅቷ ራሷ እየተናገረችልኝ ነበር። የቀናሁት በፍርሃቱ ነው። እኔ ልጄ ውኃ ስትገባ ፈርቼ አላውቅም፤ ስለማውቅ። ማወቄ ልክ ነበር፣ ቆሜ ማየቴም ልክ ነበር። እሱ ተሳስቶ ነው የዘለለው። ግን የሱ ስህተት ከእኔ ልክ በለጠብኝ። አንቺም ድሮ በዋና ውድድሬ ቀን ዳር ተቀምጠሽ ጣትሽን ስትነክሺ «ምን ያስፈራሻል፣ አውቀው የለ እንዴ» እልሽ ነበር። ሰው ሲፈራልህ የሚሰጥህ ነገር እንዳለ አይገባኝም ነበር። እነሆ በዚያ ፎጣ ውስጥ ሳያችሁ ገባኝ፤ ሲገባኝም እኔ ውጪ ነበርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሚጡ ገና ልብሷን ሳትቀይር «አባዬ፣ ድንጋይ መሆኔን አውቀህ ነው አይደል ያልዘለልከው?» አለችኝ።

«አውቄ ነው።»

«እኔም እንደምታውቅ አውቄያለሁ። ጋሼ ግን ምስኪን አያውቅም። እሱ እያየ ሁለተኛ ድንጋይ አልሆንም።» ወደ ውኃው አየችና፣ «እዚህ ግን እንሆናለን፣ እሺ?» አለችኝ።

እሺ አልኳት። በዚህች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ኖርኩ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ዘንድ እየመጣሁ በገንዳችሁ እንዳስተምራት ጠይቀሽኛል፤ ለሁላችንም ይቀላል ብለሽ። አይቀልም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አልመጣም። ቅናቴ ገና ትኩስ ነው፤ ያ ቀሚስ እንደገና ገመዱ ላይ ባየው ምን እንደምሆን አላውቅም። ሚጡን እንደ ወትሮው እዚህ አምጪልኝ። ውኃችን እዚህ ይሁን።

ለባልሽ ግን መልእክት አድርሺልኝ። ትምህርቱን አልጨረሰም፤ እንደበፊቱ ከሰዓት በኋላ ጭር ሲል ይምጣ። ከነልብሱና ከነጫማው መግባትንም አስተምረዋለሁ። ልጄ ከሱ ጋር ነው የምትኖረው፣ ጥልቁም ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ነው። ፍርሃቱን እንዳያስወግድ ንገሪው፤ እኔም አልነካበትም። መዋኘቱን ብቻ እጨምርለታለሁ።

እናትሽን ሰላም በይልኝ።

የሚጡ አባት